ዝም ብዬ ነው

አስፋልቱ የሚያልቅበት፣ ኮዬ ፈጬ ዳር፣
አንድ የብረት ማማ ቆሟል ከተረፈው ጤፍ ማሳ ጋር፤
ቀይ መብራቱን ይዞ እንደ ዘብ የሚያድር።

ማታ ሰው ከታክሲ ወርዶ ወደየብሎኩ ሲገባ፣
አየሩ ገበያ ይሆናል፣ ድምፅ ከድምፅ ይጋባ፤
አንዱ «ሃሎ» ሲል ሌላው «ሃሎ»፣
«ይሰማል?» «አይሰማም!» «ሃሎ!»
ግማሹ ቃል መንገድ ቀርቶ፣ ግማሹ ተንጠልጥሎ።

እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወረቀቴን ዘርግቼ፣
የማስተርስ ማሟያዬን ሦስቴ ጀምሬ ትቼ፣
አንድ ጥያቄ አላምጣለሁ፦
ብዙ ሰው በአንድ መስመር ሳይጠላለፍ እንዲያወራ፣
ምኑ ይላክ? ምኑ ይቅር? የቱ ቃል ነው የሚሠራ?

መልሱ ከታች ነበር፣
ወይዘሮ ይመኙሻል ቤት፣ ከቧንቧዋ ሥር።

ውኃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት አንድ ሌሊት፤
ፎቅ መውጣት አይሆንለትም፣ ይቀራል ምድር ቤት።
ቧንቧው ሳል ሲጀምረው ትነቃለች ድንገት፤
ለአሥራ ስድስት ቤት ትደውላለች፤ ማንም አያነሳም፤
ካርዷ አይቆጠርም፣ ሒሳቧ አይነካም።
አንድ ጥሪ፦ መጣ፣ ጄሪካን ይዘህ ውረድ።
ሁለት፦ ሊሄድ ነው፣ ባልዲም ቢሆን ውሰድ።
ሦስት፦ ጉደታ ተኝቷል፣ በሩን ክፈቱ፣ ሰው ቀርቷል መንገድ።

አንድ ፊደል ሳትልክ፣ አንድ ቃል ሳትሰፍር፣
ሰው ሁሉ ይነሳላታል፣ ማማው በሚያቃስትበት ሰፈር።
«ይኸው!» አልኩ፤ ጻፍኩት በዚያው ሌሊት፦
«ቃሉን ተወው፣ ጉዳዩን ላክ፤
ተቀባዩ የሚያውቀውን አትድገምለት።
ሰላምታ ትርፍ ነው፤ ድምፅም ትርፍ ነው፤
ሥራው ከተሠራ፣ መልእክቱ ደረሰ በለው።»
አማካሪዬ ዶክተር ኢተፋ በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ» አለበት።

ከዚያ በግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት
ስልኬ ጠራ።
አንድ። ጄሪካኔን አነሳሁ።
ሁለት። ነጠላ ጫማዬን ፈለግሁ።
ሦስት። የበሩን ቁልፍ ያዝኩ።
አራት።
አራት የለንም።
አምስት። ስድስት። ከውላችን የሌለ ቁጥር፣
ጨለማው ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛዬን እንደሚቆፍር።

ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳሁት።
«እማማ፣ ምንድነው? ሌባ ነው? እሳት?»
መስመሩ ሻ... አለ። ትንፋሿ መጣ፣ ተቆረጠ፣ መጣ።
«አይ ልጄ፣ ምንም የለም። ቧንቧውም ደረቅ ነው።
ዝም ብዬ ነው።»

ሦስት ቃል። የሚያስነሳው ባልዲ የለም፣
የሚያስከፍተው በር የለም፤
በእኔ ቀመር ዋጋው ዜሮ ነው፣ አይላክም።
ግን «ዝም ብዬ ነው» ያለ ሰው
ዝም አላለም።

ደረጃውን ወረድኩ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳልለይ፣
ባዶ ጄሪካኔን ገልብጬ ተቀመጥኩ ደጃፏ ላይ።
በሩ መሐላችን ነው። ስለ ምን እንዳወራን
ዛሬ አላስታውሰውም።
ካርዷ ግን ይቆጥር ነበር፤
እሷም ታውቃለች፤
አልዘጋችውም።