የአማቴ አፍንጫ

ክረምቱን ሙሉ በረንዳችን፣ ያለ መብራት፣ ያለ ሞተር፣
ሁለተኛ ፍሪጅ ሆኖን ከርሞ ነበር።
መጋቢት ላይ ግን የካራጋንዳ ጣሪያ መንጠባጠብ ጀመረ፣
ድስቱ ግን ሦስት ሌሊት እዚያው አደረ፤
የበዓሉ የፈረስ ሥጋ፣ ከእንግዳ የተረፈው፣ ከነስቡ፣
ክዳን ተጭኖት የወጣ፣ ገና ለብ እያለ ልቡ።

አማቴ ሰይልካን፣ ለሰማንያ ዓመት ሁለት የጎደላቸው፣
ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የተዳፈነ እሳት ከሁሉ ቀድሞ የሸተታቸው፣
በዚህ ቤት የሥጋ ዳኛ እሳቸው ናቸው።
ክዳን ይከፍታሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ አንዴ ሳብ፤
«ይበላል።» ወይም፣ «ለውሻ።» ይግባኝ የለም፣ የለም ሰበብ።

እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ቀኔን የምገፋ፣
የማይሸት ነገር አውቃለሁ፣ ዝም ብሎ ሲራባ ሲስፋፋ።
«አታ፣» እላለሁ፣ «ከእሳት ሲወርድ ሰዓት ይቆጠራል፤
ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ተቆራርጦ፣ በዝርግ ዕቃ፣ ፍሪጅ ይገባል፤
በሦስት ቀን፣ ቢበዛ በአራት፣ ያልቃል፤
ሲሞቅም እስኪንተከተክ ነው፤ ለብ ማለቱ ያታልላል።»
«አፍንጫ እያለ ሰዓት?» ይላሉ።
ቤቱ ይስቃል።

ሰኞ ንጋት ላይ ቀድሜያቸው ድስቱን ከፈትኩት።
ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ አፌን በእጄ ሸፈንኩት።
ከኋላዬ መጡ፤ ክዳኑን ተቀበሉኝ፣
ጎንበስ፣ አንዴ ሳብ፣
«ይበላል» አሉኝ።

አየኋቸው።
ዐይናቸው ድስቱን ሳይሆን የእኔን ፊት ያነብ ነበር፣
ከጎኑ ካለ ልጅ ደብተር መልስ እንደሚቀዳ ተማሪ፣ በፍርሃትም፣ በክብር።
ከኅዳሩ ትኩሳት ወዲህ ነው፤ አሁን ገጣጠምኩት፦
ወተት ምድጃ ላይ ሲያር አጠገቡ ተቀምጠው ያገኘኋቸው ቀን፣
እርጅና ነው ብዬ ያለፍኩት።

«ሳሙና አንጠባጥቤበታለሁ» አልኩ፤ «የኔው ጥፋት።»
ድስቱን ይዤ አምስት ፎቅ ወረድኩ፤ ውሻውም አልደረሰበት።

ማክሰኞ ማታ በግ ቀቀልን። የተረፈውን ወዲያው ከታተፍኩ፣
በዝርግ ዕቃ፣ በስሱ፤ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቀኑን ጻፍኩ፣
በትልቁ፣ ያለ መነጽር እንዲነበብ፣
እስክሪብቶውን ጫን አድርጌ፣ ጣትም እንዲያነብ።

ሐሙስ ራት ላይ ባሌ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ባሉበት፣
«አታ፣ ይፍረዱ» አልኳቸው፤ ዕቃውን አቀረብኩት።
ክዳኑን አነሡ። ጎንበስ። አንዴ ሳብ።
አውራ ጣታቸው ፕላስተሩ ላይ በቀስታ ተራመደ፤
ከሰል የበላው ጥፍራቸው አንዷ ፊደል ላይ ቆሞ፣ እንደገና ሄደ።
«ይበላል» አሉ።
ቀና ብለው አላዩኝም።
እኔም ወደ ምድጃው ዞርኩ፤ እስኪንተከተክ ላሞቀው።