አንድ ጭብጥ ጨው

አባቴ የባቡር ሰው ነበር፤ ዘይት በእጁ፣ ዘይት በኮቱ፣
ባሕር ሊያሳየን ቃል ይገባል በያመቱ።
«ዘንድሮ ጅቡቲ ነን» ይላል።
ዘንድሮ ይመጣል፣
ደሞዝ ይዘገያል፣ ድልድይ በጎርፍ ይወሰዳል፣
ባሕሩም ከጣቢያው ግድግዳ፣ ከካርታው ላይ፣
ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል።

ታዲያ አንድ ሰኔ፣ ድሬ ስትፈላ፣
የደቻቱ አሸዋ ራሱ ሲመኝ ጥላ፣
የአቶ ዱባለን ፔጆ ተውሶ መጣ፤
«ተነሡ!» አለን፤ «የባሕሩ ቀን ወጣ።»
ሸራ ጫነ፤ የዕቃ መሸፈኛ፣ ዘይት ዘይት የሚል፣
ገመድ፣ ፋኖስ፣ ጀሪካን፣ ስድስት የተቀቀለ እንቁላል፣
እናቴን፣ ናሆምን፣ እኔን፣
ከሁሉም በላይ ፉርጎን።

ፉርጎ ውሻችን ነው። ከጣቢያው ጓሮ፣ ከቆመ ፉርጎ ሥር፣
አባቴ ያነሣው፣ አንድ ጆሮው ሲንጠለጠል እንደ ተፈታ ክር።
ባቡር ሲያይ ይጮኻል፤ ሎኮሞቲቭ ያባርራል፤
ባቡሩ ሲሄድለት፣ አሸንፎ ይመለሳል።
እናቴ ደጅ አስለምዳዋለች፦
«ውሻና ጫማ ከደፍ አያልፍም» ትላለች።

በደንገጎ ጠመዝማዛ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣
ፉርጎ ናሆም ጫማ ላይ አስመለሰ፤ ናሆም ጮኸ «ዋይ!»
ከዳገቱ አናት፣ ነፋሱ ሲለወጥ፣ ላባችን ሲደርቅ፣
አባቴ መሪውን ባንድ እጁ ይዞ ጠቆመ ወደ ሩቅ፤
ከጫቱ ማሳ ማዶ፣ ከድንቹ፣ ከቀይ ሥሩ፣
ተዘርግቶ ያበራል፤ «ያውላችሁ ባሕሩ!»

አለማያ ነበር፤ ያኔ እንዲያ ነው የሚጠራው።
ስምንት ዓመቴ ነው፤ ካርታ ግን አውቃለሁ።
ዝቅ ብዬ በመዳፌ ቀመስኩት፦
«አባ፣ ጨው የለውም» አልኩት።

ዝም አለ።
አንድ ዳክዬ ጠልቆ እስኪወጣ ያህል ዝም አለ።
ከዚያ ከእናቴ ዘንቢል እጁን ሰደደ፤
በጋዜጣ የተጠቀለለውን፣ ለእንቁላሉ የመጣውን፣
አንድ ጭብጥ ጨው፣ ያለንን በሙሉ፣
ውሃው ላይ በተነው።
«አሁንስ?» አለኝ ኮስተር ብሎ።
ናሆም ቀመሰና «ባሕር ነው!» ብሎ ማለ፤
ፉርጎም ቀመሰ፤ እሱ ግን ምንም አላለ።

እናቴ እንቁላል እየላጠች፦
«እንግዲህ ባሕርህ ውስጥ እየነከርክ ብላ» አለች።

ሌሊት ጅብ ጮኸ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከሐረር በኩል፣
ቀጥሎ ከድንቹ መሐል።
ፋኖሱ አጠረ፤ ሸራው ቀጠነ፤
ሎኮሞቲቭ አባራሪው የት ሆነ?
በሆዱ ድኾ ብርድ ልብሱ ሥር ገብቷል፤
እርጥብ አፍንጫውን ከእናቴ ብብት ወሽቋል።
ከደፍ የማታሳልፈው እናቴ
እስኪነጋ እጇን ካንገቱ አላነሣችም።
ሲነጋ «ይሸታል» አለች።
እጇ ግን እዚያው ነበር።

ፉርጎ አረጀ፤ አንድ ጠዋት ከሐዲዱ ዳር ሳይነሣ ቀረ።
ሐይቁም ሄደ። ፓምፑ ጠጣው፣ ጫቱ ጠጣው፣ ከተማው ጠጣው፤
ልጆች ወለሉ ላይ፣ በተሰነጠቀው ጭቃ፣ ኳስ ሲያንከባልሉ አየሁ።
ናሆም ደወለልኝ፦ «ጨዉ ይሆን እንዴ?»
ሳቅን።
አባቴ ግን፣ ባቡሩ ቆሞ፣ እሱም በረንዳው ላይ ቆሞ፣
«አንድ ጭብጥ ነው» አለ፤ «አንድ ጭብጥ ምን ያደርጋል?»
እንደ ተከሰሰ ሰው፣ ደጋግሞ።
ባሕር ሳያይ ሞተ።

እኔ ኋላ አየሁት፣ ባዲሱ ባቡር ወርጄ፤
ጫማዬን አውልቄ፣ በመዳፌ ጨልፌ ቀመስኩት።
ይመራል።
«አባ፣ በዝቷል» አልኩት።

ዘንድሮ ውሃው ተመልሷል። ሐረማያ ይሉታል አሁን።
ያንኑ ሸራ ተከልን፤ ዘይቱ ዛሬም ይሸታል።
ልጄ ሶልያና ጎንበስ ብላ ቀመሰችና
«እማ፣ ጨው የለውም» አለች።

ወደ እናቴ ዞርኩ።
ከበርጩማዋ ላይ፣ ቋጠሮዋን ከመቀነቷ እያጠበቀች፣
«እንዳትሞክሪው» አለችኝ፤ «እንቁላሉ ስድስት ነው።»