የአይቸው ጠብታ

አይቸው ከታንኳው ሳይወርድ ጠራኝና
እጄ ላይ አኖረ ግማሽ ሊትር ጣና፤
ክዳኑ የጠፋ፣ በፌስታል የታሰረ፣
ከደንገል ስር ተቀድቶ በሃይላንድ ያደረ።
«እንኪ አንጓች፣ ይኸው ጎንበስ ብዬ ቀዳሁት፤
ዓሣም የለበትም፣ ደጋግሜ አየሁት።»

ክፍላችን ከወደቡ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ነው፤
ጠረጴዛው አንካሳ፣ በካርቶን የደገፍነው።
ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ያ ዓለም ይናወጣል፣
ያየሁት አረንጓዴ ከዓይኔ ስር ይወጣል።
«ቁም» አይሉት ነገር፣ ጆሮ አልፈጠረበት፤
ትንፋሼን ውጬ ነው የምጠብቅበት።

ትናንትማ (ልናገረው፣ ምን አሳፈረኝ)
ክብ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ብር የመሰለ
አንድ ነገር አግኝቼ
ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ አልተነሣሁም።
ሃያ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሣሁት።
ስም ላወጣለት ምንም አልቀረኝ።
የአየር አረፋ ነበር።

ዛሬ ግን ዋቅላሚው መጣ።
አንዱ እንደ ሸምበቆ አንጓ በአንጓ የተቀጠለ
(ስሜን የሚያውቅ መስሎኝ ሳቅሁ)፣
አንዱ ክሩ የማይታይ የዶቃ ድርድር፣
አንዱ ከመስታወት የተሠራ፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ፣
ጎኑ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠቀ።
ማዞሪያውን በፀጉር ስፋት ብነካ
ላዩ ሲጠራ ታቹ ይሰወራል፣
ታቹን ሳመጣው ላዩ ጉም ይሆናል፤
ሁለቱን ባንዴ ማየት ለዓይን አልተፈቀደም።
መርጬ፣ ጨክኜ፣ ልጫን ስል
መብራት ጠፋ።

ጋሽ ይስማው ጡረታ ሲወጡ የተዉት ማይክሮስኮፕ አለ፣
አሮጌ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ከስሩ መስታወት ያለው፤
«ጌጥ ነው» እያልን አቧራ ያለበስነው።
መስኮቱ ላይ አወጣሁት። መስታወቷን
ወዲህ ብላት ጣራ፣ ወዲያ ብላት ዋርካ፣
ጥቂት ዝቅ ባደርጋት ሐይቁን አገኘች ለካ!
ፀሐይ ጣና ላይ ወድቃ፣ ከጣና ተነሥታ፣
በመስታወት ዞራ፣ በጠብታው ስር ገብታ
ሐይቁን ለራሱ ጠብታ አበራችው።
ስልኬን ከመመልከቻው አፍ ላይ ደገንሁ፤
ባጃጅ አላለፈም።
አነሣሁ።

«አይቸው፣ ና እየው!»
በሩን ተደግፎ ቆመ።
«አላይም፣» አለ አይቸው።
«አርባ ዓመት ሳላየው ጠጥቼዋለሁ፤
ዛሬ ካየሁትማ በምን አፌ እጠጣዋለሁ?»
አልለመንሁትም። ስልኩን ብቻ ዘረጋሁ።
ጎንበስ አለ። ያን ጫፈ ሹል መስታወት
በጥፍሩ ዳር ዳሩን ተከተለው።
«ታንኳ ነው፣» አለ። «አስተሳሰሩ ልክ ነው፣
ወገቡ ላይ አላስጨነቁትም። የሠራው እጅ ያውቅበታል።
ቀዛፊው የታል?»

መልስ አልነበረኝም።

ሲመለስ በመስኮት አየሁት፦ ታንኳው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ
እንደ ልማዱ በመዳፉ ቀዳ፤
እንደ ልማዱ ሳይሆን፣ መዳፉን እያየ፣ ጥቂት ቆየ፤
ከዚያ ጠጣ።

ማታ ስልኬ ሞላብኝ።
ሃያ ሁለቱን አረፋ ሰረዝኩ።
አንዱን ተውኩት፤
ሲያታልለኝ ቆንጆ ነበር።