ውርጭ የወለደው ግንብ

ከዊኒፔግ ወጥቼ አራት ሰዓት ነዳሁ፣
ስንዴ፣ ደግሞም ስንዴ፤ ዓይኔን በቢጫ ጎዳሁ።
መሬቱ ዝርግ ነው፣ ኮረብታ የለበት፣
ነገ የሚደርስ እንግዳ ዛሬ የሚታይበት።
እዚያ መሃል ግንብ፤ መድፍ ያልደረሰው፣
ንጉሥ ያላደረበት፣ ቄስ ያልቀደሰው፣
አራት ማማ ያለው፣ አንዱ የተንጋደደ፣
ከማረሻ ጋር ሲጣላ ከእርሻ የተወለደ።

"ያየኋቸው ግንቦች ሁሉ ጠላት ነበራቸው፤
የዚህኛው ማን ነው?"
አልኳት ቲኬት የምትቆርጠውን ኦሪስያን፣
ሰባ ያለፋትን፣ የወንድ ቦት ጫማ ያጠለቀችውን።
"ድንጋይ" አለችኝ።

"እዚህ አገር ስንዴ እንዘራለን፣ ድንጋይ ይበቅላል።
በበረዶው ወራት ውርጭ አፈሩን ያምሰዋል፤
ሚያዝያ ላይ ምድር ታምጣለች፤
የድንች ያህል፣ የጥጃ ራስ ያህል፣
አንዳንዴም የምድጃ ያህል ትገላገላለች።
ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተን እንለቅም ነበር፣
ጥፍራችን እስኪረግፍ። በዓመቱ ደግሞ እንደ አዲስ።
አባቴ ኦኑፍሪ፣ በረዶ ሰብሉን በመታው ዓመት፣
ማረሻው ተሰበረበት። ተቀመጠ። ድንጋዩን አየው።
'አንተ ካልለቀቅኸኝ እኔም አልለቅህም' አለው።"

እናቷ ፓራስካ ወጥ ቤት ስትለምነው፣
ማማ ሠራላት፤ "ይኸው፣ ከፍ ያለ ነው።"
መስኮት ስትለው ደግሞ፣ የቀስት ቀዳዳ፤
ባሏን አየችበት እንደ ሩቅ እንግዳ።

ጎረቤት ሳቀ፤
በትራክተር እያመጣ ድንጋዩን በአጥሩ ሥር ደፋበት፤
"እብድ ካለ፣ ቆሻሻ መጣያ ምን ያደርጋል?"
ኦኑፍሪ ግን አመሰገነ። በእያንዳንዱ ሆድ ላይ
በሬንጅ ጻፈበት፦
የሜልኒክ ማሳ፣ የምዕራቡ ጥግ።
የቦይቹክ መበለት፣ ከጉድጓዱ አጠገብ።
የቶርላክሰን ወንድሞች፣ ሳይጣሉ በፊት።

ባቡሩ ቀረ፤ ሐዲዱ ተነቀለ፤
ትምህርት ቤቱ ታሸገ፣ ፖስታ ቤቱም ተከተለ።
ሜልኒክ ማሳውን ሸጠ፤ የቦይቹክ ቤት ዘመመ፣
ጉድጓዱ ተደፈነ፤ የመንደሩ ስም ከካርታ ላይ ከሰመ።
አሁን ከካልጋሪ፣ ከቶሮንቶ ይመጣሉ፣
ጣታቸውን በግድግዳው እየሰደዱ ይፈልጋሉ፤
አንድ ጎረምሳ ነበር፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ የሰካ፣
የቅድመ አያቱን ድንጋይ ሲያገኝ፣ በግንባሩ ነካ።

ደረጃውን ወጣሁ። ስልሳ አንደኛው ላይ
ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው።
"ስልሳ ሁለተኛውን በማግስቱ ሊያኖር ነበር"
አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ስወርድ ነው ያየሁት፤ ከበሩ በስተግራ
ጡጫ የሚያህል ክፍተት፣ ከሥሩ በሬንጅ፦ የፓራስካ ጓሮ።
ድንጋይ የለበትም።
"አልሰጠችውም" አለች። "ሃያ ስድስት ዓመት ለመናት።
'ወጥ ቤቴን ስትሠራ' ትለው ነበር።
በዚያ ድንጋይ የጎመን በርሜሏን ትጫን ነበር።"
"ዛሬስ የት አለ?"
እጇን አነሳች። ከመዳፏ ሥር ነበረ፤
ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ትንሽ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚል፣
የሜዳው ነፋስ አምስት ዶላሬን እንዳይወስድ ተጭኖታል።

"ብትከቺውስ? ግንቡ ይሞላ ነበር።"
"እሷ ሳትፈቅድ?"

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ይህን ግጥም ጀመርሁ፣
ቤት እንዲመታልኝ ቃል በቃል ለቀምሁ።
አንዲት መስመር ብቻ ክፍት ትቻለሁ፣
ጡጫ የምታህል፣ ቤት የማትመታ፣
ፓራስካ እስክትፈቅድ።