ጎርናና

ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከጋራዡ ጀርባ
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ሦስት ሰው የማታስገባ፤
ግድግዳዋን ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፌ
«ስቱዲዮ» ብያታለሁ፣ በቀይ ቀለም ጽፌ።

መስከረም ሊጠባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
የጣርማ በር ጉም ደብረ ሲናን ሲውጠው፣
ይድነቃቸው መጣ፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣
በጭብጡ ሃያ ብር፣ ከኋላው እናቱ።
«ይዘፍንብኛል» አለች፣ ዣንጥላዋን እያጠፈች፤
ጤና ጣቢያ ገብታ ሕመም እንደምታስረዳ ሁሉ አፈረች።

ዘፈነ።
አሥር ዓመት ሠርግ ለሠርግ ኪቦርድ ስደበድብ ኖሬ
እጄ ቁልፉን ሳተ፤ ምክንያቱን አላውቅም እስከ ዛሬ።
ቀጭን ነው፣ እንደ ሽቦ፤ ግን ሽቦ አይደለም፣ ይሞቃል፣
ጉሙን ይበሳና ወዲያ ማዶ ይዘልቃል።

በአንድ ቀን ቀረጽነው። በፍላሽ፣ በሚሞሪ፣
ለአንዱ አሥር ብር ጫንኩ፤ ሆንኩለት አዟሪ።
ጥር ሲገባ ሠርገኛው «ያ ልጅ ይምጣ» አለ፤
ከአርማንያ እስከ ሮቢት ባጃጁ በእሱ ድምፅ ዋለ።
የሮቢትን ሙቀት፣ የሞላሌን ብርድ ሳይፈራ
በሟች አባቱ ኮት ተውጦ ዳስ ለዳስ አበራ።
ፖስተሩ ላይ «ትንሹ ኮከብ» ብዬ ጻፍኩ፤
ጥቁር መነጽር ገዛሁለት፣ ፀጉሩን አስቆረጥኩ።
እናቱ የሚያፈስ ጣራዋን ቀየረች፤
እኔም አዲስ ኪቦርድ። ድርሻዬ ነበረች።

ሁለት ጥር።

በሦስተኛው፣ መዘዞ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ቆሞ፣
ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ገጥሞ፣
ሌላ ሰው ወጣ ከጉሮሮው።
ወፍራም። ሻካራ። በሩን ገፍቶ እንደሚገባ በሬ።
ሳቁ። ሙሽራዋ እንኳ ሳቀች። ቀጠልኩ እኔ፣ ቁልፍ ቀይሬ፤
ዝቅ አልኩለት፣ እሱም ወደቀ፤
እንደገና ዝቅ፤ ኪቦርዱ ላይ ቁልፍ አለቀ።

የማር ውሃ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ጠበል።
እናቱ «ዓይን ነው» ስትል
እኔ «ዕድሜ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት፤
የየካቲት ቀብድ ነበረ፣ ተቀብዬ የበላሁት።

ዛሬ አሥራ ሰባት ሞላው። ጺም ጀማምሮታል።
በሸዋቀና ሚኒባስ ረዳት ሆኗል።
ማለዳ በሬን ስከፍት ይሰማኛል፦
«ሮቢት! ሮቢት! አንድ ሰው!»፤ መናኸሪያውን ይንጣል።
እውነት ለመናገር፣
ማንም አላለውም እንጂ፣ ያምራል።

ባለፈው ቅዳሜ ስወርድ ከኋላ ወንበር ነበርኩ፤
ሸዋቀና ፍላሹን ሰካ። የገዛ ኪቦርዴን አወቅኩ።
ያ ቀጭን ልጅ ዘፈነ። ይድነቃቸው በሩን ተደግፎ
ሂሳብ ይሰበስባል፣ ብሩን በጣቶቹ መሐል አጥፎ።
«ሂሳብ፣ እናቴ» አላት። «ዝም በል እስቲ!» አለች ሴትዮዋ፣
«ልጁን ልስማው!» መቶ ብሩ ቀረ በመዳፏ።

ዝም አለላት።
ቁልቁለቱን በሙሉ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ።
ከዚያ መልሷን ቆጠረላት።
ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ።
የእኔን ሂሳብ አልጠየቀ።