ዜሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ

መሐል ሜዳ ላይ ሐሙስ ጠዋት ነበር፣
የበልጉ ጉም ሳይለቅ የትምህርት ቤቱን በር።
ዘርጋው ሜትር ይዞ፣ እኔ መዝገብ ይዤ፣
ከንግድ ቢሮ መጥተን ቆሜአለሁ ደንዝዤ።
ስሙ ራሱ ዘርጋው፤ ሥራውም መዘርጋት፣
እናቱ ስትሰይመው ማን ይህን ነገራት?
«ዜሮውን ያዝ!» አለኝ፤ ከበሩ ሥር ያዝኩት፣
በአውራ ጣቴ ጫፍ ካፈሩ አጣበቅኩት።

ደንቡ አጭር ነበር፤ አንቀጹም ግልጽ ነበር፤
«ከትምህርት ቤት በር እስከ ሁለት መቶ ሜትር
አረቄ አይሸጥም፣ ጠላም አይቀዳም።»
አንድ ፊደል ስቷል፤ ያም ቢሆን አይጎዳም።

አንደኛው ሃምሳ አለቀ ከፎቶ ኮፒው ጋ፣
ሁለተኛው ደግሞ ከበርኖስ ሻጩ አልጋ፣
ሦስተኛውን ውሻ ነክሶ አታገለን፣
አራተኛው ሳያልቅ ደጃፏ ላይ ጣለን።
መቶ ዘጠና ስድስት። ዘርጋው ጮኾ አነበበ፤
እኔም ጻፍኩ፤ ከስክሪብቶዬ ሰማያዊ ነጠበ።

ወርቅያንሱ ወጣች፣ ጌሾ እያራገፈች፣
«ባራት ሜትር ነው?» ብላ ደግማ ጠየቀች።
ደረሰኝ አመጣች ከቆርቆሮ ጣሳ፣
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ግብር፣ አንዱም ሳይረሳ።
ማኅተሙ የእኛ ነው፣ ፈራሚውም የእኛ ሰው፤
ዘርጋው አየ፣ አየና፣ አጥፎ መለሰው።

«እኔ ስመጣ እዚህ ትምህርት ቤት ምን አለ?
ያ ሁሉ ሜዳ ላይ በግ ነው የዋለ።
ደንጊያ ጠራቢውን ያጠጣሁ እኔ ነኝ፣
በመሠረቱ ቀን ሹም ያመሰገነኝ።
እስቲ ማን ነው እዚህ ወደ ማን የተጠጋ?
እኔ ወደ ደወሉ፣ ወይስ ደወሉ ወደ እኔ ጋ?»

«እንደ ቁራ ለካችሁ» አለ ጋሽ ሽመክት፣
«ሰካራም ቀጥ ብሎ ሲሄድ የት አያችሁት?
በእኔ እርምጃ ለኩት፣ ስወጣ በማታ፤
ሦስት መቶም ይሞላል፣ ያለምንም ሐሜታ!»

ሁሉም ሳቀ። ዘርጋውም። እኔ ሳቅ አልመጣልኝ፣
የምንውየለት ነገር ሆዴን እየቆረጠኝ።
ሰባተኛ ‘ሀ’ ነው፤ በዚያ በኅዳር ውርጭ፣
ከቦይ የተገኘ፣ ከንፈሩ ሆኖ ነጭ።
ጠርሙሱን የላከው አባቱ ነው፤ «ሂድ አምጣ!»
መንገድ ላይ ቀመሰ፤ ብርድ ነው፤ ጠጣ፣ ጠጣ።
ተርፏል። ሁለት ጣቱን ግን ውርጩ ወሰደበት፤
የቀሩት ሦስቱ ናቸው አሁን የሚጽፍበት።
ደንቡን በሦስት ጣቱ እሱ ነው ያስጻፈ፣
በጠርሙስ የተላከ፣ ሺህ ሜትር ያለፈ።

ይህንን አልጻፍኩም። ቅጹ ቦታ የለው።
ቅጹ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ነው?» ነው።

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ቆሜ፣
«ሁለት መቶው የት ይወድቃል? አሳየኝ ወንድሜ!»
ገባን። ሜትሩ አለፈ ከመደቡ በላይ፣
ከጋኑ ትከሻ፣ ከጠርሙሶቹ ላይ፣
አልፎ ባልጋዋ እግር፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጓዳ፤
ሚስማር መታችበት ከጭቃው ግድግዳ።

በሳምንቱ ሄድን ለቁጥጥር ዳግመኛ፤
የፊቱ በር ዝግ ነው፣ እሷ ግን ሰላምተኛ።
አዲስ በር ተቀዷል ወደ ባሕር ዛፉ፤
ጠጪዎች ጎንበስ ብለው በዚያ ነው የሚያልፉ።
እሷ ከደንቡ ውስጥ ብቻዋን ትተኛለች፣
ጋኑ ከደንቡ ውጭ። ሕግ አክባሪ ነች።

የምንውየለት አባት ከጥጉ ተቀምጧል፤
ልጁን መላክ ትቷል፤ ራሱ ይመጣል።
ያ አንድ ነገር ነው። ከሜትሩ አይደለም፤
እንዲህ የሚል አንቀጽ ደንባችን ላይ የለም።

ትናንት ከሰሌዳው ማስታወቂያ አነበብኩ፤
ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ሳቅሁም፣ ደነገጥኩ፦
ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ከቁልቁለቱ አፋፍ፣
ሙአለ ሕፃናት ይሠራል ክረምት ሲያልፍ።
በዚያ በኩል ቢለካ ስንት ይሆን ከጓዳ?
ሚስማሩ እንዳለ ነው፣ ከጭቃው ግድግዳ።
አውራ ጣቴን አየሁት፤ አፈሩ አልለቀቀም፤
ዜሮው ከየት እንደሆነ እስካሁን ማንም አላወቀም።