ሚዛን ያልደፋ

በቸርችል ጎዳና፣ በቁልቁለቱ ወገብ፣
ከታች ፎቶ ቤት ነው፣ ከላይ ቆርቆሮና ርግብ፤
መሐል እኛ ነበርን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መብራት ሲሄድ በሻማ፣ ሻማ ሲያልቅ በፀሐይ።

ናሁሰናይ ይሥላል፣ ጀርባው እስኪጎብጥ ድረስ፤
አንድ እጅ ለማንሣት ዐሥራ ሁለት ወረቀት፣
አንዲት ዕንባ ከዓይን ወርዳ ጉንጭ እስክትደርስ
አንድ ሳምንት።

እኔ ድምፅ ነበርኩ። ዝናቡን የሠራሁ
በብረት ትሪ ላይ ምስር እየዘራሁ፤
የታክሲውን በር ከቁም ሳጥን ያመጣሁ፤
የመንገደኛውን ሁሉ ኮቴ
በአንድ ጥንድ ጫማ፣ በገዛ ጉልበቴ።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ሚዛን፣
አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ ሰውን የሚመዝን።
የወጣበት ሁሉ ኪሎውን ሲጠብቅ
መርፌው የሚቆጥረው ሌላ ነው፤ የሆድን ጭንቅ።
ቦርጫሙ ነጋዴ ላባ መዘነ፤
አንዲት ቀጭን ተማሪ፣ ከቀብር የተመለሰች፣ ስትወጣ ግን
መስታወቱ ጣ! አለ፤ እንደ በረዶ ሆነ።
ልጁ ብሯን መለሰላት።
ይኸው ነው። በፊልሙ ውስጥ ማንም አይናገርም።

ፒያሳ ሲኒማ ቤት እናሳይ ብንል ለምነን
«ካርቱን የልጅ ነው» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ሳቀብን፤
እሑድ ጧት ሰጠን።
ዐሥራ ሰባት ሰው መጣ፤ ሁለቱ ዝናብ ሊጠለሉ።

ሽልማቱ ትልቅ ነው፣ ባሕር የተሻገረ፤
ዐሥራ አምስት ሲቀሩ ስማችን ነበረ።
ያን ሰሞን ዘበኛው ከወንበሩ ሲነሣ፣
ባለ ፎቶ ቤቱ በነፃ እኛን ሲያነሣ፣
አከራያችን እንኳ ኪራይ አልጨመረ።

አምስቱ በሚጠሩበት ማታ
ስልኩን በቀለም ጣሳ አስደግፈን፣ ትንፋሽ ውጠን በዝምታ፣
አንድ ብለው ጠሩ፤ ሁለት ብለው፤ ሦስት፤
አራተኛው ላይ ኔትወርኩ ቆመ፤
ሰውየው አፉን እንደከፈተ
አንድ ሥዕል ሆኖ ቀረ።
እኛ ይህን እናውቃለን፤ ሥራችን ነውና፦
በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መሐል ገና
ሁሉም ነገር ይቻላል።
ሲመለስ፣ ጭብጨባው አልቋል።

ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አነበብን፣ ከታች ወደ ላይ፣
ስማችን ከፊደል ጀርባ ተደብቆ ይሆን ወይ?
አንድ ዳኛ የጻፈው ኋላ ደረሰን፤
በአማርኛ ብመልሰው፦ «ውብ ነው፤ ግን ሚዛን አልደፋም።»
ሚዛን!
ናሁሰናይ ሳቀ። ከዚያ እርሳስ ቀረጸ፤
የቀረጸውን ቀረጸ፤ ጥፍር እስኪያህል።

ሰዎች መጡ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚመጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«እዚያ መድረስ ራሱ…» «ቀን ያወጣዋል…» «ፈረንጅ ምን ያውቃል…»
ትርሲት ብቻ፣ ቀለም የቀባችው፣ ዝም ብላ ብሩሾቿን አጠበች፤
ንጹሕ የነበሩትን።

በነጋታው ካርቶኑን ተሸክሞ ወረደ፤
ክብሪት ይዞ ይሆን ብዬ፣ ከወረቀቱ በፊት ልቤ ነደደ።
ተከተልኩት። ፖስታ ቤቱን አለፈ፣
የቆሻሻውን ገንዳም አለፈ፣
ብሔራዊ ቴአትር ጥግ ደረሰ፤
ዳልኬ ሚዛኑን በጨርቅ ይወለውላል፤
ፊቱን ያበደረን ልጅ፣
ስሙን ፊልሙ መጨረሻ ላይ የጻፍንለት፣ እሱ ያላየው።

ከነካርቶኑ ወጣ። «ሰባ አምስት» አለ ዳልኬ።
ካርቶኑን አውርዶ ወጣ። «አምሳ አራት።»
ሃያ አንድ ኪሎ!
አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ወረቀት፣
የሦስት ዓመት ተኩል ሌት፣
ልኩን የነገረን የመጀመሪያው ሰው፣
ሳያጽናናን፣ ሳያለዝበው።

ከዚያ ስልኩን ሰጠው። ስድስት ደቂቃ አየ፣ ደንበኛ እያስጠበቀ።
አንዴ ብቻ «መልሰው» አለ፤ ጣቱ መስታወቱ ላይ ወደቀ፦
መርፌው ከመርጋቱ በፊት ሁለቴ ይርገበገባል።
«ይቺን አመል ማን ነገረህ?
ሚዛኔ ስታረጅ ያመጣቻት ናት፤ ሰው አያያትም።»
ትንሽ ቆየና፦ «ዝናቡ ግን ምስር ምስር ይላል።»
እኔ መሬት አየሁ።

ናሁሰናይ ካርቶኑን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል
ዳልኬ እጁን ዘረጋ፦
«ሁለቴ ነው የተመዘንከው። ዐሥር ብር።»